የግሉኮስ መስቀያዬ እና ክቡር ዶክተር ባራሃስ

በየቤተሰቡ አዲስ ነገር የማይዋጥለት አንድ ሰው አይጠፋም። ልጅ ተወለደ ስትሉት «አገጩ እኮ የአያቱ ነው፤ አይተነዋል» ይላችኋል። ቤታችንን ቀለም ቀባን ስትሉት ያው ቀለም በአክስቱ ቤት ስንት ዓመት እንደቆየ ይተርክላችኋል። ቀልድ ስትጀምሩ መጨረሻውን ቀድሟችሁ ይናገርና እሱ ራሱ አይስቅም። በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በአውቶቡስ ወረፋም ላይ አለ። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው ደግሞ ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳይከፍለው ነው።

በደመወዝ ሲሠራው ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክቡር ዶክተር ኤስታኒስላዎ ባራሃስ። ቦጎታ ውስጥ፣ በፓተንት መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው «ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሚያመጣውን ሁሉ ይመረምራሉ፤ ከዚህ በፊት የነበረ ነገር መሆኑንም ያረጋግጣሉ። መንግሥት አንዳንዴ ሳያስበው ሰውን ከቦታው ጋር ያገናኛል።

ዶክተር ስላቸው ሐኪም እንዳይመስሏችሁ። መሐንዲስ ናቸው፤ ለማንም የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው አያውቁም። ቦጎታ ውስጥ ከረባት አስሮ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔ ዱይታማ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ረዳት ነርስ ሆኜ ስሠራ ከእውነተኞቹ ዶክተሮች ጋር ስጋፋ ነው የኖርኩት። ቀዶ ሐኪሙም ቢሆን ሲያጠፋ በጨዋ ደንብ እነግረዋለሁ። «ዶክተር» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረብኝ በእኚህ ሰው ፊት ብቻ ነው።

ዝናቸውን የሰማሁት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ከፓስቶ የመጣ አንድ ሰው ዶሮዎች ሳይረግጡት የሚጠጡበት ገንዳ ሠርቶ ነበር አሉ። ዶክተር ባራሃስ ከመቶ ዓመት በፊት የተመዘገበ የጀርመን ሰነድ አወጡለት፤ የዶሮዎቹ ሥዕል ሳይቀር ነበረበት። ከኢባጌ የመጣች ሴት ወደ ውስጥ የሚዘጋ ጃንጥላ ብታመጣ የጃፓኑን አወጡላት። አንድ ተስፋ የቆረጠ ሰው «እሺ ዶክተር፣ በዚህች ዓለም ላይ የሌለ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ቢጮህባቸው፣ «አዝናለሁ፤ ይህንንም ጥያቄ ከእርስዎ በፊት የጠየቁኝ አሉ» ብለው የመዝገቡን ቁጥር ነገሩት ይባላል።

«አዝናለሁ፣ ይኼ ድሮም ነበር።» ይህቺን ሲሉ ድምፃቸው መርዶ እንደሚነግር ሰው ዝቅ ይላል። ተንኮል የለባቸውም። ቡና የምታዞረው ሴትዮ አንድ ቀን ቀረፋ ጣል አድርጋበት ብታመጣላቸው፣ አያታቸው ቤት ቀረፋው ከስንት ደቂቃ በኋላ ይጨመር እንደነበር አስረድተዋት በሐዘን ጠጡት አሉ። ሚስታቸው የበኩር ልጃቸውን ስትወልድም አልጋው ላይ አጎንብሰው ልጁን ለረዥም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ ይባላል። ሰዎቹ በደስታ መስሏቸዋል። የመሥሪያ ቤታቸው ዘበኛ ግን ተመሳሳይ ፋይል እየፈለጉ ነበር ብሎ ምሎ ነግሮኛል።

እንግዲህ ወደ እሳቸው የወሰደኝን ነገር ልንገራችሁ።

የሆስፒታላችንን የግሉኮስ መስቀያዎች ያስተከለው ረዥም ሰው መሆን አለበት። መንጠቆዎቹ ጣሪያው ሥር ናቸው። እኛ የዱይታማ ሴቶች ደግሞ እግዜር ሲፈጥረን በላሜራ ቆጥቦብናል። ከረጢቱ ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ፈሳሹ አይወርድም፤ ስለዚህ ወንበር ላይ እንወጣለን። ጓደኛዬ ቪርሄሊና ቁመቷ አንድ ሜትር ከአርባ ስድስት ነው፤ በጫማዋ። አንድ ጠዋት ሦስት ሊትር የቁስል ማጠቢያ ታቅፋ ወንበር ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ወንበሩ ቀድሟት ወረደ። የእጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰበረ። መሬት ላይ እንደተጋደመች ከረጢቱን እያየች «አልፈሰሰም አይደል?» አለችኝ።

እኔ ያደግሁት አባቴ የከባድ መኪና ካሶኒ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመራመዴ በፊት የብየዳ ብልጭታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ቪርሄሊና በጀሶ ታስራ ሳለ እኔ የተጣለ ላሜራ እየለቀምኩ መቁረጥ ጀመርኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። የሠራሁት ግድግዳ ላይ የሚታሰር ረዘም ያለ ላሜራ ነው፤ ከወገብ እስከ ላይ የተሰነጠቀ ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ መንጠቆ ይንሸራተታል። ከረጢቱን ወገባችሁ አጠገብ ታንጠለጥሉትና በእጃችሁ ወደ ላይ ትገፉታላችሁ። አጭር ሰው እጁ እስከደረሰበት ድረስ ይገፋና ቀሪውን በዘንግ ያደርሰዋል። ስትለቁት የከረጢቱ ክብደት መንጠቆውን ያጋድለዋል፤ ያጋደለው መንጠቆ የላሜራውን የታጠፈ ጠርዝ ይነክሳል። በከበደ ቁጥር አጥብቆ ይነክሳል። ቡሎን የለው፣ ሞላ የለው። ሁሉም በአንድ እጅ ያልቃል። ዋናው ነገር እሱ ነው፤ የነርስ ሁለተኛ እጅ ሁልጊዜ የሰው ክንድ እንደያዘ ነው።

በሦስት ወር ውስጥ የእኛ ክፍል አሥራ ሁለት አልጋዎች በሙሉ ላሜራ ነበራቸው። የሕክምና ዕቃ የሚያቀርብ የአንድ ድርጅት ሰው፣ ዶን ፋብሪሲዮ የሚባል ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ፣ መጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሳና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ከአምስት ወር በኋላ «አዲሱ ምርታችን» ብሎ የእኔኑ ላሜራ ተሸክሞ ተመለሰ። ብረቱ ሳስቷል፤ ለቁጠባ ሲባል ደግሞ የታጠፈው ጠርዝ ተትቷል። ለማሳያ ሰባተኛው አልጋ ላይ ሰቀሉት። የድንች ገበሬው ዶን አብዶን ተኝተውበት ነበር። መንጠቆው የሚነክሰው አጣና ተንሸራተተ፤ ከረጢቱ ትከሻቸው ላይ ወረደባቸው። ዶን አብዶን እንደ እኛው የቦያካ ክፍለ ሀገር ሰው ናቸው፤ ጨዋነት አይለቃቸውም፤ ለከረጢቱ «ይቅርታ» አሉት።

ዶን ፋብሪሲዮ ዕቃውን ሲያስር «ትንሽ ማስተካከያ ነው የሚያስፈልገው፤ አሥራ አንድ ሆስፒታሎች ካሁኑ ተስማምተዋል» አለ።

ቪርሄሊና ኮሪደር ላይ ጎተተችኝ። «ስሚ ኦዲሊያ። ወረቀት ከሌለሽ ይኼ ሰው ያንን ቆርቆሮ በየበሽተኛው ራስ ላይ ይሰቅለዋል። ወረቀት ካለሽ ግን አትሰቅልም ትይዋለሽ። ሂጂና አውጪ!»

ጉዳዩ ይኸው ነበር። ፓተንቱን ካገኘሁ ጠርዝ የሌላት ላሜራ የትም አትሰቀልም። ካላገኘሁ በአሥራ አንድ ሆስፒታሎች ትሰቀላለች። ሐሳቤን ይፋ ካደረግሁ አንድ ዓመት ከማለፉ በፊት ማመልከት ስለነበረብኝ፣ ጠበቃ ሳልይዝ ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩ፤ ሥዕሉንም ራሴ ሣልኩ። ገጽ አንድና ሁለት አሁንም ድረስ አያሳፍሩኝም።

ገጽ ሦስት ግን! እኛ አገር ውሻን እንኳን «እርስዎ» ብለን ነው የምናባርረው። ሰው ቤት ገብቶ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አድርጎ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ ነገሩን በጨዋ ደንብ ልዝጋው ብዬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ይህቺ ትንሽዬ ነገር የክቡራንን ጊዜ የምትሻማ አይደለችም። ማንኛውም በያጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራት ይችላል።» በዚህች ዓረፍተ ነገር በጣም ኮርቼ ነበር። ለቪርሄሊናም አነበብኩላት፤ እሷም «አቤት ጨዋነት» አለች።

የዶክተር ባራሃስ የመጀመሪያ ደብዳቤ ዘጠኝ ገጽ ነበር። አምስት ሰነዶች ጠቅሰዋል፦ የስዊድን የመብራት ማንጠልጠያ፣ የሥጋ ቤት መንጠቆ፣ የካሶኒ ገመድ ማሰሪያ፣ የትያትር ቤት መጋረጃ፣ አምስተኛው ደግሞ የወይን ጠጅ በርሜል የሚሰቀልበት ነገር ነው። እያንዳንዱን በጠራ የቢሮ ቋንቋ «ይኼ ድሮም ነበር» ብለውታል። ይህንስ እችለው ነበር። የገደለኝ ስድስተኛው ነጥብ ነው፦ «አመልካቿ ራሳቸው በገጽ ሦስት እንዳመኑት፣ ነገሩን ማንኛውም የሙያው ሰው ሊሠራው ይችላል። ማንኛውም የሙያው ሰው የሚደርስበት ነገር ደግሞ በሕግ ፈጠራ አይባልም።» የዶን ፋብሪሲዮ ድርጅት ባቀረበው ተቃውሞ ላይም ገጽ ሦስት በትልልቅ ፊደል ተገልብጦ ከላይ ተቀምጦ ነበር።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይኼንን ነው። ቪርሄሊናም ደብዳቤውን አንብባ «በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች» አለችኝ። ጨዋነቴን ያደነቀችው እሷ እንዳልነበረች ሁሉ።

አውቶቡስ ተሳፍሬ ቦጎታ ሄድኩ። በመጀመሪያው ጉዞ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «መርማሪዎች ሰው አያነጋግሩም» አለችኝ። በሁለተኛው «በጽሑፍ ያቅርቡ» አለችኝ። በሦስተኛው ላሜራውን ሳንቃ ላይ አስሬ፣ በድንች ጆንያ ጠቅልዬ፣ የሦስት ሊትር ከረጢት ውሃ ሞልቼ ሄድኩና ወረፋው መሃል አቆምኩት። ዘበኛው ግራ ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ይዞልኝ ቆመ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ከረባታቸው የሰውነታቸውን ያህል የሚረዝም ሰው ከውስጥ ወጡ።

«ዶኛ ኦዲሊያ ሲያባቶ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ዶክተር። ይቅርታ፣ ጊዜዎን ልሻማብዎ ነው።»

«ገጽ ሦስት ላይ አልሻማም ብለው ነበር።»

«እ… ትንሽ ብቻ። እባክዎ ይህን ከረጢት ይስቀሉልኝ።»

እጃቸውን ሲዘረጉ ግራ እጃቸውን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ወረፋው ሁሉ ዞረ። ዶክተር ባራሃስ የተያዘውን እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ይኼ እጅዎ በሽተኛ ይዟል። እንዳይለቁት፤ መርፌው ይነቀላል።»

ሰቀሉት። ገፉት። ለቀቁት። ላሜራው ነከሰ። አውርደው እንደገና ሰቀሉት። እንደገና፣ ደግሞም እንደገና፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ተንበርክከው የታጠፈውን ጠርዝ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ዘበኛው በጆሮዬ «ለዶሮዎቹ አልተንበረከኩም ነበር» አለኝ።

«የስዊድኑ መብራት ሁለት እጅ ይፈልጋል» አሉ ቀስ ብለው። «የሥጋ ቤቱም። በርሜሉማ ሦስት ሰው ነው የሚፈልገው። አምስቱንም ሰነዶች ልተዋቸው እችላለሁ።»

«እግዜር ይስጥዎ ዶክተር!»

«ቆይ ይታገሱኝ። ገጽ ሦስትን ግን ልተወው አልችልም። እሱ የጀርመን አይደለም፣ የጃፓን አይደለም። የመሰከሩት እርስዎ ነዎት፤ በራስዎ ላይ።»

«ዶክተር፣ እሱ እኮ ለጨዋነት የተጻፈ ነው!»

«ጨዋነት የሚመደብበት ክፍል መዝገባችን ውስጥ የለም። ማንኛውም በያጅ ብለዋል። ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው። እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

አያችሁ፣ ያኔ «ሐሰት!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አራት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ የተለማመድኩት እሱኑ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ያባቴን ጋራዥና የከተማዬን የብየዳ ጌቶች ሳስብ፣ እኔ ከእነሱ እበልጣለሁ ማለት አቃተኝ። «እ… ይሆናል» አልኩ።

ዶክተር ባራሃስ እስክሪብቶ አወጡ። «"ይሆናል" ብለዋል» አሉና ፋይሉ ላይ ጻፉት።

በመልሱ ጉዞ አለቀስኩ። ጆንያውን እግሬ ሥር አድርጌ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ደንግጦ ብርቱካን እስኪሰጠኝ ድረስ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ሥራ ገብቼ ዶን አብዶን ተኝተውበት የነበረውን አልጋ ሳይ ንዴቴ መጣ። አራት ደብዳቤ በተከታታይ ጻፍኩ። በአራቱም ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንድትሠረዝልኝ ለመንኩ። ለአራቱም የመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ደብዳቤዎ ደርሶናል። የተጻፈ ነገር ይመረመራል እንጂ አይሠረዝም። አዝናለሁ።» በሕይወቴ እንደዚህ የጠላሁት ሰው የለም። አለ ብል እዋሻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በካሶኒ ሠሪዎች መንደር ስሙ የተጠራው በያጅ ዶን ክሪሳንቶ የብየዳ ብርሃን ዓይኑን አቃጥሎት ወደ እኛ መጣ። ጠብታ እያደረግሁለት ነው ወሬውን የጀመረው።

«ዶኛ ኦዲሊያ፣ ቦጎታ ውስጥ እብድ ማሠር ትተዋል እንዴ?»

«ምነው ዶን ክሪሳንቶ?»

«በሕማማት አንድ ሰውዬ መጣብኝ። እንደ ገበሬ የሱፍ ሩዋና ደርቧል፤ ከሥሩ ደግሞ ከረባት! ውሃ የሞላ ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፎ 'ይህን አጭር ሴት በአንድ እጅ የምትሰቅልበት ነገር ይሥሩልኝ' አለኝ። ቀላል ነው አልኩት። 'ቀላል ከሆነ ይሥሩታ' አለና በርጩማ ስቦ ቁጭ!»

የጠብታውን ብልቃጥ አስቀመጥኩ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቡሎን አሠርኩለት። ሲሞከር ግራ እጄን አይዘኝም መሰልዎ! እንደ እጮኛ! 'ይኼ እጅ በሽተኛ ይዟል፣ በሌላው ያጥብቁት' ይላል። ቡሎን በአንድ እጅ የሚያጠብቅ ማን አለ? በሞላ ቀየርኩት፤ 'አዝናለሁ፣ ይኼ ድሮም ነበር' አለኝ። ካሩኮላ ሰቀልኩ፤ 'አዝናለሁ፣ ይኼም ድሮም ነበር'። መዶሻውን ላነሳበት ነበር፤ በሕማማት ደም አላፈስም ብዬ ተውኩት።»

«እርስዎ ጋ ብቻ ነው የመጣው?»

«የት! መንደሩን በሙሉ ነው ያመሰው። አሥራ አራት ጋራዥ! ኤሊሴርዮ በጥርስ የሚጎተት ገመድ ሠራለት፤ ሰውየው ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ በጥርሱ ጎትቶ ሞከረው እኮ! 'ነርሷ በሽተኛ ፊት ገመድ አትነክስም' ብሎ ጣለበት። የዳር ጋራዡ ሰውዬ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ሠርቶለት ነበር፤ ሲረግጡት ውሃው በሙሉ ሰውየው ላይ!» ዶን ክሪሳንቶ ዓይኑ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ «ግን ዶኛ፣ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ይቺን ነገር የሠራ ሰው ካለ፣ በእውነት፣ እጁን መሳም እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ» አልኩትና ቀሪውን ጠብታ ጨረስኩለት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የእኔ ጉዳይ መሆኑን ሳያውቅ ከተማው ሁሉ ሲሥቅ ሰንብቷል፤ የሰማሁት እኔ መጨረሻ ነኝ። ዶክተር ባራሃስን የትኛው ሕግ እንዳዘዛቸው አላውቅም፤ መሥሪያ ቤታቸውም የላካቸው አይመስለኝም። የበዓል ዕረፍታቸውን ነው የሠዉት። ለቪርሄሊና ስነግራት ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው አንድ በያጅ፣ አንድ ብቻ፣ አግኝተው ሊቀብሩኝ አካፋ ይዘው መጥተዋል። አሥራ አራተኛው ምን እንደሠራ ደግሞ ዶን ክሪሳንቶ አላየም። ለሦስት ሳምንታት የፖስታ ሳጥኑን ስከፍትና ስዘጋ ሰነበትኩ። አንዴ ወደ አሥራ አራተኛው ጋራዥ በር ድረስ ሄጄ፣ ልጠይቅ ፈርቼ ተመለስኩ።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። የከፈተችው ቪርሄሊና ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ተረኞቹ ሁሉ ከበቡን።

«አመልካቿ በገጽ ሦስት የሰጡት ቃል ተመርምሯል። ቃሉ ለመርማሪው አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ፣ በብረት ሥራ በአገሪቱ በታወቀችው በዱይታማ ከተማ፣ ከሃያ ዓመት ያላነሰ ልምድ ያላቸው አሥራ አራት በያጆች ነገሩን እንዲሠሩ ተጠይቀዋል። በአጠቃላይ ሠላሳ ዘጠኝ ሙከራ ተደርጓል። አንዱም አልተሳካም። ስለዚህ "ማንኛውም በያጅ ሊሠራት ይችላል" የሚለው የአመልካቿ ቃል ሐሰት ነው። አመልካቿ በቃል ጥያቄ "ይሆናል" ማለታቸውም ተመዝግቧል፤ እሱም ሐሰት ነው። ተቃውሞው ውድቅ ሆኗል። ፓተንቱ ተሰጥቷል።»

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። አንድ በሽተኛ ደወል ደወለ፤ ምን ሆናችሁ ብሎ። እኔ ግን ደብዳቤውን ነጥቄ «ሐሰት ነው» የምትለዋን ቦታ ደጋግሜ አየኋት። ዓለምን ሁሉ ሲቃረኑ የኖሩ ሰው፣ ተራዬ ሲደርስ እኔንም አልማሩኝም። ዶን ፋብሪሲዮ በዚያው ሳምንት ስልክ ደውሎ «ዶኛ ኦዲሊያ፣ እንደ ቤተሰብ እኮ እንነጋገራለን» አለኝ። እኔም ከጠርዙ ጋር የምትሠራ ከሆነ እንነጋገራለን፣ ጠርዝ ከሌለው ግን ፍርድ ቤት ነው አልኩት፤ «ይቅርታ» ሳልል።

በወሩ አልሞሃባና የሚባለውን የአይብ ዳቦ ጋግሬ፣ በሞቀ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦጎታ ሄድኩ። ዶክተር ባራሃስ እስከ መስኮቱ ወጥተው ዳቦውን አዩት።

«አዝናለሁ፣ ከአመልካች ስጦታ አልቀበልም።»

«ዶክተር፣ አሁን እኮ አመልካች አይደለሁም።»

«ከቀድሞ አመልካችም አልቀበልም።» ዳቦውን ዘበኛው ወሰደው፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። ከረባታቸውን እያስተካከሉ ቆሙ። «ዶኛ ኦዲሊያ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው እዚህ መስኮት ላይ ሲዋሽ ስሰማ ውዬ ነው የምገባው። ትንሽ ነገር ሠርቶ ትልቅ ነው ብሎ ይዋሻል። እለምደዋለሁ፣ ሰነድ አወጣለታለሁ፣ ያልቃል። የእርስዎን ስመለከት ግን ተናደድኩ። ይህን የሚያህል ነገር ሠርቶ ማንም ይሠራዋል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስተማረዎት?»

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴም፣ ቄሱም፣ ሆስፒታሉም ትሑት ሁኚ ብለውኛል። ስለ እኔ የተናደደልኝ ሰው ግን አልነበረም። መስኮቱ ላይ እንባዬ ሲወርድ ዶክተር ባራሃስ ደንግጠው መሐረባቸውን አወጡ፤ እሱ ስጦታ መሆን አለመሆኑን ትንሽ ካሰቡ በኋላ «ይመልሱልኛል» ብለው ሰጡኝ።

ሰዎች ስለ እሳቸው ሲያማርሩ አሁንም እሰማለሁ። ልክ ናቸው፤ ሰውየው አድካሚ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ከመዋል አሥራ ሁለት አልጋ ማንጠፍ ይሻላል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። በየዓመቱ ለሕማማት ካርድ እልክላቸዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት ያው ሥዕል እንደነበረበት ጠቅሰው ይመልሱልኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሶጋሞሶ አዲስ ነርስ ተመደበችልን፤ ቁመቷ ከቪርሄሊና ብዙም አይበልጥ። ግራ እጇ የሕፃን ክንድ ይዞ፣ በቀኟ ከረጢቱን ሰቀለች፣ ገፋች፣ ለቀቀች። ላሜራው ነከሰ። ቀና ብላ አየችው።

«ኧረ እትዬ ኦዲሊያ፣ እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ማነው የሠራው?»

ከንፈሬ እንደ ልማዱ ሊተናነስ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ግን ከቦጎታ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ ከረባት ያሰሩ አንድ ቀጭን ሽበታም ሰው፣ ጭናቸው ላይ ፋይል ዘርግተው፣ ቃሌን ሊመረምሩ ሲመጡ ታዩኝ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳት።